ጣናን ተሻግሬ ጎርጎራ

የባሕር ዳር ሰው ጣናን ይወዳል፤ ግን አይሄድበትም። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣለሁ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብኝ በጀልባ ዘጌ አድርሼ፣ ገዳም አሳይቼ፣ ዓሣ ጋብዤ እሸኛለሁ። በቃ። ከማዶ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ለነገሩ ማዶው አይታይም፤ ሐይቁ ከደቡብ እስከ ሰሜን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ዳር ሆኖ የሚታየው ውሃና ሰማይ ብቻ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ጣና ለእኛ የፎቶ ጀርባ ሆኖ የቀረው።

ማዶው ላይ ግን ጎርጎራ አለች። ትንሽ ናት። ወደብ፣ ጥቂት ሱቆች፣ አቧራ መንገድ፣ ብዙ ዛፍ፣ ብዙ ወፍ። በዚች ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ያለፈውንና አሁንም ያለውን የሰው ዓይነት ሳስበው ግን ከባሕር ዳር በቆዳ ስፋት እንጂ በሌላ የምታንስ አትመስለኝም።

እሄዳለሁ ስል አንዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ጎንደር ደርሰሽ በዚያ በኩል ነው?» አለኝ። «በመርከብ» ስለው ሳቀ። «መርከብ አለ እንዴ?» ወደቡ ከቢሮአችን በእግር የሚደረስ ነው እኮ! ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ የብሱም ውሃውም ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ጎርጎራ ላይ ያ ትልቁ ሪዞርት ገና ሳይሠራ። አሁን ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ የምነግራችሁ ያኔ ያየሁትን ነው።

መርከቧ በማለዳ ትነሳለች። ደቅ ደሴት ትቆማለች፣ ቁንዝላ ታድራለች፣ ደልጊን ነክታ ጎርጎራ ትገባለች። በመኪና በጎንደር በኩል ቢኬድ በዕለቱ ይደረሳል፤ የሚቸኩል ሰው በዚያ ይሂድ። መርከቧ የምትሄደው ሰው ለማንሸራሸር አይደለም፣ ዕቃ ለማድረስ ነው፤ እኛ ተሳፋሪዎቹ በዕቃው መሐል ቦታ ፈልገን እንቀመጣለን። የዘጌ ጌሾ በጆንያ፣ የቢራ ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ ፍራሽ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ አንድ ማንም የእኔ ነው የማይለው በግ። ወሩ ጥቅምት ስለነበር ሐይቁ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቋራና መተማ የሚሄዱ የጎጃም ልጆችም መርከቧን ሞልተዋታል። ሳሉግ ይሏቸዋል እዚያ በረሃው ላይ። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ገና መርከቧ ሳትንቀሳቀስ ካርታ መጫወት ጀመሩ።

ከጎኔ ወደ ደቅ የሚመለሱ አንዲት እማሆይና የደልጊ ነጋዴ የሆኑ አንዲት ሙስሊም እናት ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም። ዘጌን ሳናልፍ ግን ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ልጅ ልጅ አውርተው ጨርሰዋል። እማሆይ ቆሎ አወጡ፣ እትዬ ዳቦ ቆረሱ፣ ከሳሉጎቹ አንዱ ደግሞ ማንጎ አመጣ። አገራችን ላይ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ ተብሎ ማዕድ እንደሚለይ ታውቃላችሁ። መርከቧ ላይ ያ ጣጣ የለም፤ ሥጋ የያዘ ስለሌለ ሁሉም ከሁሉም እጅ ይበላል። እኔ ይዤ የሄድኩት ብስኩት አሳፍሮኝ ከቦርሳዬ ሳላወጣው ቀረሁ።

ደቅ ጋ ስንደርስ እማሆይ በእጃቸው ዳጋ እስጢፋኖስን አሳዩኝ። ሾጠጥ ያለች፣ በደን የተሸፈነች ደሴት ናት። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብና የፋሲለደስ አጽም ያረፈባት ናት። ሴት አትገባም። ወንድሜ ሁለቴ ሄዶ በየበዓሉ ይተርክልኛል፤ እኔ ከመርከብ ላይ አንጋጥጬ አለፍኩ። «ቢፈቀድልዎ ይገቡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔን ናርጋ ይበቃኛል ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደቅ ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉበት ሥዕልም እዚያው ግድግዳ ላይ አለ። ከዳጋ ብዙም አይርቅም። እኔ በዚህ ትንሽ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጣና እንደ ትሪ ነው፣ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይናወጣል። የካርታ ጨዋታው ቆመ፣ ሳሉጎቹ ዝም አሉ። ከመሐላቸው አንዱ ውሃ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ፣ ቁንዝላ እስክንገባ የበጉን ጀርባ አልለቀቀም።

ሌሊቱ በረዶ ነው። ካርታ ላይ ያየ ሰው ሞቃታማው ቀጠና ውስጥ ነን ብሎ በቲሸርት ይመጣል፤ ሐይቁ ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ቀን ላብ፣ ሌሊት ጋቢ። በዚያ ላይ ትንኝ።

ጎርጎራ ስንገባ ከመርከቧ ቀድሞ የሚታየው ደንገል፣ ያ ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ቄጠማ መሰል ረጅም ተክል፣ እና ከእሱ የሚሠራው ታንኳ ነው። ወደቡ ጎን፣ ዛፍ ላይ ተደግፈው የቆሙ ታንኳዎች ነበሩ። ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ያቆሙታል፣ ፀሐይ ይመታዋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይሠራል። አንድ ሽማግሌ አዲስ እየሠሩ ነበርና ፈቃድ ጠይቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሥራው መሣሪያ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ማጭድ፣ ገመድ፣ እግር፣ ጥርስ። የደረቀውን ደንገል በክንዳቸው ልክ ያቅፉና መሬት ላይ ያስተኙታል፣ በጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ገመዱን ከሥሩ አሹልከው ያዞሩና አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ሌላውን በሁለት እጅ ይጎትቱታል። ደንገሉ ጢቅ ጢቅ ይላል። ጢቅታው ሲቆም ያስሩታል። ቀጥሎ ሌላ እቅፍ። ፊቱን ወደ ላይ ቀልበስ አድርገው ሲያስሩት ያኔ ነው ታንኳ የሚመስለው። ከውስጡ ደግሞ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይጨመርበታል፤ ጭነቱና ሰውዬው ከእርጥበቱ ከፍ እንዲሉ። የሚቀዘፈው በረጅም ቀርከሃ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ።

«ደንገሉ እየራቀን ነው» አሉኝ ሥራቸውን ሳያቆሙ። ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ ያርሳል፣ ደንገሉ ይመነጠራል፣ አጫጁ በየጊዜው ራቅ ያለ ቦታ መሄድ አለበት። በዚያ ላይ የሞተር ጀልባ። ልጃቸው ባሕር ዳር ኮንስትራክሽን ላይ እንደሚሠራ ነገሩኝ። «እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን ደህና ናቸው?» አሉኝ፤ እኔ ሁሉንም የማውቃቸው መስሏቸው።

ሽማግሌው ነገደ ወይጦ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው። እኛ ባሕር ዳሮች ከነገደ ወይጦ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ እንኖራለን፤ ታንኳቸውን ፎቶ እናነሳለን፣ ከደንገል የሠሩትን ዕቃ እንገዛለን፣ ቤታቸው ገብቶ ቡና የጠጣ ግን ስንቱ ነው? አባቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር፤ በዚህ ሰበብ ስንት ዘመን አብሯቸው የሚበላ ጠፍቶ፣ ከሰው ተራ ተገፍተው ኖረዋል። ዛሬም የዚያ መገፋት ጠረኑ አልጠፋም። አለ ብሎ የሚያምን ግን የለም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከጭንቅላቴ ስለማይወጣ። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጎንደር ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ወይጦዎች ከሌላው ፈጽሞ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ይሰማና ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች ያስመጣል። ሰዎቹ ምን ቢጠየቁ አይመልሱም። እንሰቅላችኋለን ቢባሉም አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ብሩስ ምንም ሳይጽፍ ቀረ። ዛሬ ነገደ ወይጦ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ ያኛው ቋንቋ ጠፍቷል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ብሩስ ደብተር አይደለም፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች ነው። ቤተ መንግሥት ተጎትተው መጥተው፣ ገመድ እያዩ፣ ዝም ማለት! ለሽማግሌው ሳጫውታቸው ትንሽ ሳቁና «ጥሩ አድርገዋል» አሉኝ። ሽማግሌዎቻቸው የዘራቸውን መነሻ ከግብፅ፣ አባይን ተከትሎ የመጣ ነው እያሉ ያወራሉ፤ እሳቸውም እንዲያው ነው ያሉኝ፣ ለማሳመን ሳይጣደፉ።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ። ጎርጎራ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዓፄ ሱስንዮስ መቀመጫ ነበረች፣ ጎንደር ከተማ ሳትሆን ማለት ነው። ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ፣ እስፔናዊ ነው፣ እዚህ ሐይቅ ዳር ኖሯል። ሰውዬው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሞክር ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሮ የቆየ፣ ሲፈታም ሕንድ ተመልሶ እንደገና የመጣ ግትር ነው። ግዕዝም አማርኛም ተማረ። በ1618 ጎጃም ውስጥ ሰከላ ወጥቶ የአባይ መነሻ የሚባለውን የግልገል አባይን ምንጭ አይቷል፤ ብሩስ ምንጩን አገኘሁ ብሎ ከመፈንጠዙ 150 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። (ምንጩ ደግሞ ከሁለቱም በፊት የሰከላ ሰው ውሃ የሚቀዳበት ነበር፣ ያው።) በ1622 ንዳድ ይዞት ጎርጎራ ላይ ሞተ። ደምቢያ፣ ይህ የሐይቁ ሰሜን ዳር አገር፣ ወባዋ የቆየ ነው፣ ለቄስም ለንጉሥም አላዘነች።

ሱስንዮስ በዚያው ዓመት ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ አገር ተላለቀ፣ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። የቀረው ድንጋዩ ነው። ከአሁኗ ጎርጎራ በስተምዕራብ፣ በጀልባ የሚደረስ ማርያም ግምብ የሚሉት ፍርስራሽ አለ፤ ከማድሪድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ እስፔናውያን አጥኚዎች ለዓመታት ቆፍረው አጥንተውታል። ዛፍ ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቷል፣ ኮርኒሱ ብዙው ወድቋል፣ ግን አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለው አበባ ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩት። ጠርዙ አሁንም ስለታም ነው።

እኔን የገረመኝ የግንቡ ማጣበቂያ ነገር ነው። በኖራ መገንባት በዚያ ዘመን እንደ አዲስ የገባው ከሕንድ በኩል በመጣ ሙያ ነው። ያ ሙያ ነው ኋላ የጎንደርን ግንቦች ያቆመው። እስፔናዊ ቄስ፣ የፖርቱጋል ዘር ያላቸው ወታደሮች፣ የሕንድ እጅ ሥራ፣ የደምቢያ ጉልበት፣ ሁሉም እዚህች ሣር ውስጥ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ ፎቅ ግንብ ታውቁት የለ? እሱም የእነሱ ሥራ ነው ይባላል። በየእሑዱ በጎኑ እያለፍኩ አንድም ቀን ከየት መጣ ብዬ አላውቅም ነበር።

ደብረ ሲና ማርያም ግን ፍርስራሽ አይደለችም፤ ቅዳሴ አለ፣ ማኅሌት አለ፣ ሰው አለ። አመሠራረቷን ከዓምደ ጽዮን ዘመን ያደርሱታል። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ያስጎበኙኝ አባ መቋሚያቸውን እየጠቆሙ፣ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ አስረዱኝ፤ ይሁዳን ፈልጊ አሉኝ፣ አገኘሁት። የሱስንዮስ ልጅ መለኮታዊት ያሣለችው ነው እያሉ ያሳዩኝ ሥዕልም ነበር። አባት ካቶሊክ ሆኖ አገር ሲያምስ፣ ልጅ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታስውባለች። እንግዲህ በዚያ ቤት ምሳ ላይ ምን ይወራ እንደነበር ገምቱ።

ጣሊያኖችም አልቀሩም። ወደቡን የመርከብ ማረፊያ አድርገውት ነበር፤ ከኮረብታው ላይ ያቆሙት ሐውልት አሁንም አለ። ፍየል ይጠለልበታል። ብዙ የሚባልበት አይደለም፣ እይታው ግን ጥሩ ነው፣ ለእይታው ውጡ።

ማታ ማታ የማመሸው አንዲት እናት ቤት ነበር። ቡና ያፈላሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ከፈለጋችሁ ጠላም አለ። ዓሣው ቀረሶ ነው፣ ጎን ለጎኑ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰ፣ በዳጣ። ባሕር ዳር ላይ ለእንደዚህ ያለ ዓሣ የሚጠየቀውን ዋጋ ብነግራቸው አላመኑኝም። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ተነሣ፤ አንድ ዲያቆን አይቻልም አለ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ውሃ የበላ አይደለም ወይ ብሎ ተከራከረ፣ ከጥግ የተቀመጡት ሙስሊም ሹፌር «እናንተ ተከራከሩ፣ የዲያቆኑን ለእኔ አምጡልኝ» አሉ። ሲኒዎቹ በመተማ በኩል ከሱዳን የመጡ ናቸው። ጀበናው ግን አንገቱ የተጠገነ አሮጌ ነበር፤ ከየት ነው ስላቸው «የቤተ እስራኤሎቹ ነው፣ እናቴ የገዛችው» አሉኝ። ደምቢያ ውስጥ የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች። ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆየ። «እንዲህ ያለ ጀበና አሁን የለም፣ የገበያው ሁለት ወር አይቆይ» አሉና ከምድጃው ላይ አነሡት።

ስለ እምቦጭ ካልጻፍኩ ይቅር አትሉኝም። ሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 ነው፣ ከሁሉም የተጎዳው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፣ ያ ነው የሚያናድደው። ዓሣ አጥማጁ መረቡ አረም ይዞበት ይወጣል፤ ከብቶች ውሃ ለመጠጣት መንገድ ያጣሉ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ነቅሎ ዳር ያወጣዋል። ቁርጥራጩ ከቀረ እንደገና ይበዛል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። እኛ ባሕር ዳር ላይ በዘመቻ ሰሞን ቲሸርት ለብሰን እንሄዳለን፤ እነሱ በየቀኑ ነው።

ለምትሄዱ፦ አጎበር ያዙ፣ እኔ ያረፍኩበት ቤት የነበረው አጎበር ቀዳዳው ከጨርቁ ይበልጥ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ወደ ማርያም ግምብ የሚወስዳችሁን የጀልባ ዋጋ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ መልሱን ጨምሮ። ታንኳ ሠሪዎቹን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ተቀመጡ፣ ከቻላችሁ አንድ የደንገል ሥራ ግዙ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ የደምቢያ ጥቁር ጭቃ ጫማ ያስቀራል። መልስ በጎንደር በኩል ሚኒባስ አለ፣ በጭዋሂት፣ በቆላ ድባ፣ በአዘዞ አድርጎ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ካልሞላ አይነሳም፤ ሞላ ከተባለ በኋላም ሦስት ሰው ይጨምራል፣ ስለዚህ ከኋላ ወንበር ሽሹ።